«ምን ይላል?»

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሕግ ሲያስተምሩና የሕግ ትምህርት ቤት ሲመሩ ኖረው ባለፈው ወር አረፉ። እኔም ተማሪያቸው ነበርኩ፤ ዛሬ እዚያው አስተምራለሁ።

እንጅባራ በሚገኘው የነጻ የሕግ ድጋፍ ቢሯችን አንድ የማይጣስ ደንብ ነበራቸው፤ የክስ ማመልከቻ ለባለጉዳዩ በሚገባው ቋንቋ፣ ብዙ ጊዜም በአገውኛ፣ ተነቦለት በራሱ አፍ መልሶ ካልተናገረው አይፈረምም።

የመጀመሪያ ሥራዬ ከዘንገና ለመጡ እናት የጻፍኩት የድንበር ክስ ነበር። ተራቅቄበት ነበር። ከተነበበላቸው በኋላ አጎቴ ሴትዮዋን «ምን ይላል?» አሏቸው።

«እኔ ምን አውቄ! ብቻ ያምራል።»

«ማማሩን ለሠርግሽ አቆዪው» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። ሦስት ጊዜ አስጻፉኝ፤ በንዴት አለቀስኩ። በአራተኛው ሴትዮዋ ሲነበብላቸው ብድግ አሉ። «ኧረ ልጄ፣ ድንበራችን የላይኛው ቦይ ነው እንጂ የታችኛው አይደለም!» እንደዚያው ቢገባ ኖሮ መሬታቸውን በገዛ እጄ ለጎረቤት ሰጥቼባቸው ነበር።

ከቀብራቸው በኋላ ቢሮው ስገባ ከባለጉዳይ ጎን ያለው ወንበራቸው ባዶ ነው። ደፍሮ የሚቀመጥበት ጠፍቷል። አንዱ ተማሪ «መምህር፣ ወረፋው በዝቷል፤ ዛሬ እንኳ ንባቡ ቢቀርስ?» አለኝ።

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩበት፤ ማመልከቻውን በአገውኛ አንብቤ ወደ ባለጉዳዩ ሽማግሌ ዞርኩ።

«አባቴ፣ ምን ይላል?»