የሰደርያው ጀርባ

ባሌ ሚዜ ሊሆን የተከራየውን ሰደርያ ግሬፕቫይን ከተማ ካለው የልብስ ኪራይ ቤት ሄጄ ተቀበልኩለት። ታጥቧል ብለውኛል፤ ብብቱ ግን የማላውቀው ሰው ላብ ይሸታል።

እንዲህ ያለ ሽታ ከዚህ በፊት ሲገጥመኝ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሮውሌት ከተማ ያለው ቤታችን ኤሲው በተበላሸበት የሐምሌ ሙቀት፣ ጋሽ ደምሴ ከሁለት ሰዎች ጋር ሽማግሌ ሆነው እህቴን ለዘመዳቸው ልጅ ሊጠይቁ መጡ። ሙሉ ሱፍ ከነሰደርያው ለብሰዋል። ጥያቄያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ሲቆሙ ላቡ ከአገጫቸው ይንጠባጠባል።

እናቴ አላስችላት አለና፣ "ኧረ ኮትዎን ያውልቁ" አለቻቸው፤ ወደ እኔ ዞራም "አንቺ፣ ተቀበያቸው" አለችኝ። እምቢ አሉ። ስትለምናቸው አወለቁ። ከፊት የሚያብረቀርቀው ሰደርያ ጀርባው አልቋል፤ የቀረው በላብ ቢጫ ሆኖ ደርቋል፣ በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል። ሽታው ሲመጣብኝ "ኢው" ብዬ አፍንጫዬን ያዝኩ።

ጋሽ ደምሴ ዞር ብለው አዩኝና፣ ቀስ ብለው "መልሰሽ አልብሺኝ፣ ልጄ። የእህትሽን ጉዳይ ገና አልተናገርኩም" አሉኝ።

ኮቱን በሁለት ጣቴ ይዤ አለበስኳቸው።

አሁን መኪናዬን ፓርክ ያደረግኩበት ስደርስ እጄን አየሁት። የባሌን ሰደርያ እስከዚህ ያመጣሁት በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ ነው።