ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ

መሥሪያ ቤታችን መካነ ሰላም ውስጥ ነበር። እኔ የሠራተኞችን ማኅደር የምይዝ ወጣት ጸሐፊ ነበርኩ፤ እሳቸው ደግሞ መልእክተኛችን። የቆዳ ቦርሳቸውን አንግተው ወደ ከላላ፣ ወደ ማሻ፣ ወደ አቀስታ ደብዳቤ በእግራቸው ያደርሱ ነበር። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነበሩ። ከመንገድ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚመጡት እኔ ዘንድ ነው፤ የተፈረመበትን መዝገብ ያስረክቡኝና ያዩትን ያወጉኛል። ድሮ ወሬያቸው የሰርግና የገበያ ነበር። ዝናቡ ለሁለተኛ ዓመት ከቀረ በኋላ ግን ተለወጠ።

«የቤቱን ክዳን አውርደው ለበሬው አበሉት» አሉኝ አንድ ቀን። «በሬውም አልተረፈ፤ ሰዎቹም የሉ። ግድግዳው ብቻ ቆሟል።»

በዚያው በጋ ከአቀስታ ሲመለሱ ቁልቁለት ላይ ድንጋይ ከዳቸውና ወደቁ። ሁለት ነጋዴዎች የአንዱን በቅሎ ጭነት አራግፈው፣ እሳቸውን አስቀምጠው አመጧቸው። ቀኝ እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻ በቀርከሃ አሰረላቸው። አጥንቱ ገጠመ፤ ግን ተጣሞ ነው የገጠመው። ከሦስት ወር በኋላ በምርኩዝ እያነከሱ መጥተው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ።

«አልሃምዱሊላህ፣ ድኛለሁ» አሉኝ። «ሥራዬን ስጠኝ።»

ወደ አለቃችን ገባሁና ነገርኩት።

«መልእክተኛ የተቀጠረው በእግሩ ነው» አለኝ። «እግር የሌለው መልእክተኛ ምን ያደርግልኛል?»

«ሌላ ሥራ ቢፈለግላቸው፣ ጌታዬ። የተጎዱት እኮ በሥራ ላይ ነው።»

«ሐኪም ይጻፍለት። መሥራት ይችላል ብሎ ሐኪም ከጻፈ እናያለን።»

ይህን ያለው የማይሆን መስሎት ነው። በከተማችን ጤና ጣቢያ ያለው ድሬሰር እንዲህ ያለ ወረቀት የመፈረም ሥልጣን የለውም፤ ሐኪም ያለው ደሴ ነው። እኔ ግን ወጣት ነበርኩና እልህ ያዘኝ። ፈቃድ ጠየቅሁ፣ በቅሎ ተዋስኩ። እሳቸው በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ ሆነን አቀስታ ደረስን። ከዚያ በጭነት መኪና ደሴ ገባን። በመንገዱ ዳር ሰዎች ተኝተው ነበር። መጀመሪያ ደክሟቸው ጋደም ያሉ መስለውኝ ነበር። እሳቸው ከመኪናው ላይ ሆነው እያንዳንዱን ያያሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንዳንዱን በስሙ ይጠሩ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሃያ ዓመት የተመላለሱበት አገር ሰው ነው።

ሆስፒታሉ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ኮሪደሩ ላይ በተኙት መካከል እየተሻገርን ሁለት ቀን ጠበቅን። ሐኪሙ እግራቸውን ያየው ለአፍታ ነው። ከዚያ ጻፈ፦ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ መሥራት ይችላል። ሳነብላቸው እጄን ያዙና ሳሙት። እኔም ያን ቀን ራሴን እንደ ትልቅ ሰው ቆጠርኩ።

አለቃችን ወረቀቱን አገላብጦ አየና ሳቀ። «መልካም። ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ አለኝ። በር ይጠብቅ።»

በዚያው ሰሞን ለረሃብተኛው የመጣ እህል በግቢያችን መጋዘን ተራግፎ ነበር። እህል የሚሰጠው የአጥቢያ ዳኛው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ለያዘ ብቻ ነው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ የማኅተሙን መልክ አስተማርኳቸው፤ ክቡን፣ መሐሉ ላይ ያለውን ምልክት፣ ቀለሙን። ቶሎ ያዙት። በሩ አጠገብ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ማኅተም ያለውን ያስገባሉ፣ የሌለውን ይመልሳሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት ግን ወረቀት የሌላቸውንም ሁሉ አስገቡ። አለቃው ጠራኝ።

«አንተ ነህ ያመጣኸው፤ አንተ ንገረው። ካሁን በኋላ አንድ ሰው ያለ ወረቀት ቢገባ፣ የእሱን ማኅደር ዘግተህ አሰናብተው።»

ሄጄ ነገርኳቸው። ስንት ደክመን እንዳገኘነው፣ ሚስታቸውና ልጆቻቸው በዚህ ደመወዝ ብቻ እንደሚኖሩ አስታወስኳቸው። «ጋሼ፣ እባክዎን። ይህ ሥራ ካመለጠዎት ሌላ አላገኝልዎትም።»

«እሺ ልጄ» አሉ።

ከላላ መንገድ ላይ ቤት የነበራት አንዲት ባልቴት ነበረች። እሳቸው በዚያ ሲያልፉ ውኃ ታጠጣቸዋለች፤ ሲመሽባቸውም ታሳድራቸዋለች። ደጋግመው ያወሩልኝ ስለነበር ሳላያት አውቃታለሁ። አንድ ጠዋት መጣች። የአካባቢዋ ዳኛ ራሱ ተሰዷልና ወረቀት የሚጽፍላት አልነበረም። እኔ በመስኮት አይ ነበር። እሳቸውም ቀና ብለው በመስኮቱ በኩል አዩኝ። ምን ላድርግ ማለታቸው ነው። እኔም አንገቴን ደፍቼ ወደ ጽሕፈት መኪናዬ ተመለስኩ።

መለሷት። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። አጥሩን ተደግፋ ተቀመጠች። የራሳቸውን ምሳ አውጥተው ሰጧት፤ በማግስቱም እንዲሁ። ሆዷ ግን እህል የመቀበያ ጊዜው አልፎበት ነበር። በሦስተኛው ቀን እዚያው አረፈች። እሳቸው ፈቃድ እንኳ ሳይጠይቁ፣ በዚያ እግራቸው እያነከሱ፣ ከቀባሪዎቹ ጋር ሄዱ። ሲመለሱ ሳጥኑ ላይ ተቀመጡና ቀጣዩን ወረቀት ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ወሬ አላወሩልኝም። በጠዋት ሳልፍ «እንዴት አደሩ?» ስላቸው «አልሃምዱሊላህ» ብቻ።

ንጉሡ ወረዱ። አለቃችን ቀደም ብሎ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሮ ነበር። አዲሶቹ ሰዎች መጡና ሕዝቡን ሰብስበው፣ በረሃቡ ጊዜ የበደላችሁን ተናገሩ አሉ። ብዙ ሰው ተነሣ። አለቃውን ግን በአካል የሚያውቀው አልነበረም፤ እሱ ከቢሮው አይወጣም ነበር። ሰው የሚያውቀው የበሩን ሰው ነው።

«በሩን የዘጋብን ይኸ ነው!» አለ አንዱ። ከኋላም ሌሎች ጮኹ።

እኔ እጄን አወጣሁ። «ትእዛዙ የአለቃው ነው» አልኩ። ትእዛዙን ያደረስኩላቸው እኔ መሆኔን ግን አልተናገርኩም። ሰብሳቢው ቁጭ በል አለኝ፤ ተቀመጥኩ።

እሳቸው በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆሙ። «እውነት ነው» አሉ። «ወረቀት የሌለውን መልሻለሁ። ስንት እንደሆነ አላህ ነው የሚያውቀው።» ወደ እኔ ሳያዩ ተቀመጡ።

የስንብቱን ደብዳቤ የተየብኩት እኔ ነኝ። ማንበብ ስለማይችሉም ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። አቤቱታ እንደምጽፍ፣ ደሴ ድረስ እንደምሄድ ነገርኳቸው።

«ተው ልጄ» አሉ። «ብዙ ደክመህልኛል፤ አላህ ይስጥህ። አሁን ግን ተው።»

«ታዲያ ምን ይበላሉ?»

«ሌላው የሚበላውን።»

ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ አገራቸው ሄዱ።

መሬት ለአራሹ ከታወጀ በኋላ፣ ለሥራ በዚያ ሳልፍ ቀበሌያቸውን ጠይቄ ደረስኩ። ከቤታቸው በር ላይ ጎረቤታቸው የሆነች ሴት አገኘችኝ። መሬት ደርሷቸው ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ያለውን ቁራጭ በእጇ አሳየችኝ። በዚያ እግራቸው ከሞፈር ኋላ ቆመው መሄድ አቃታቸው። በሬም አልነበራቸውም። በክረምቱ መግቢያ ተስቦ ገባና በሳምንቱ ወሰዳቸው። ሚስታቸው ልጆቿን ይዛ ወደ ወንድሟ አገር ሄዳለች፤ የት እንደሆነ ሴትዮዋ አታውቅም።

«አንተስ ምናቸው ነህ?» አለችኝ።

«አብረን ሠርተናል» አልኳት።

ውኃ አመጣችልኝ፤ ጠጣሁ። ከዚያ ሳይመሽብኝ ብዬ ተነሣሁ።