የዘገየ መርዶ

የልጄ አባት ሲሞት ልጄ አምስት ዓመቷ ነበር። መስማት አትችልም። ለሥራ ወደ ዲመካ ሊሄድ ጂንካ መናኸሪያ ሚኒባስ ሲሳፈር በመስኮት እጁን እያውለበለበ ተሰናበታት። መኪናው መንገድ ላይ ተገለበጠ። አስከሬኑ ወደ ትውልድ አገሩ ተወሰደ፤ እኔም ልጄን ጎረቤት ዘንድ ትቼ ቀብሬው ተመለስኩ። እሷ ሬሳም ሆነ መቃብር አላየችም።

ልነግራት ሞክሬያለሁ። ፎቶውን አሳየኋትና ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ጉንጬ ሥር አደረግሁ። ተኝቷል ያልኳት መሰላት፤ ሄዳ ፍራሹን አነጠፈችለት። ከዚያ በኋላ ልድገመው ብል አንጀቴ እምቢ አለ። ከቤት ባመለጠችኝ ቁጥር የማገኛት መናኸሪያ ነበር። ከዲመካ በመጣ ሚኒባስ በር ላይ ቆማ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ታያለች።

እንግዲህ ትምህርት ቤት የፈለግሁላት ነገ ሐኪም ትሁንልኝ ብዬ አይደለም። አባቷ መሞቱን የምነግርበት ቋንቋ እንዲኖረን ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ የቢሮ ደጅ አይከብደኝም ብዬ ነበር። ከበደኝ። አንዱ ቢሮ መመሪያው አለ፣ በጀት የለም ይላል፤ ሌላው ስብሰባ ላይ ነው። የትምህርት ቢሮው የልዩ ፍላጎት ባለሙያ ግን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«እህቴ፣ ለአንድ ልጅ ተብሎ ክፍል አይከፈትም፤ መምህርም አይመደብም» አለኝ።

«እና ክፍሉ እስኪሞላ ልውለድ?» አልኩት።

አልሳቀም። «ሌሎች ወላጆች ፈልጊ» አለኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ገበያ መዞር ጀመርኩ። ሰው ሲያየን ከንፈሩን ይመጣል፤ የማይሰማ ልጅ ያለው ታውቃላችሁ ወይ ስል ግን ማንም የለውም፣ ማንም አያውቅም። ሰዉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ደንቆሮ ሆነብኝ። ጎደሬ የምትሸጥ አንዲት የአሪ ሴት ብቻ «የጎረቤቴ ልጅ አለ» አለችኝ። እባክሽ ጎረቤትሽን አምጪልኝ ብዬ ለመንኳት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቁርጥ እሷን የመሰለ ወንድ ልጅ ይዛ መጣች።

«ጎረቤት እኔ ነኝ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

እሷን ያየች ሌላዋም ልጇን አወጣች። ልጆቻችንን ይዘን ቢሮው በረንዳ ላይ መቀመጥ ልማዳችን ሆነ፤ ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር እንደገና ከሀ እንጀምራለን። በመጨረሻ አንድ ክፍልና የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ወጣት መምህር ተሰጠን። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር።

ትምህርቱን በጀመረች በጥቂት ወራት ውስጥ መምህሩ አስጠራኝ።

«ልጅዎ አባቴ ከመኪናው የሚወርደው መቼ ነው ብላ ጠየቀችኝ» አለኝ። «ምን ልበላት?»

ከልጆቹ ዴስክ አንዱ ላይ ቁጭ አልኩ።

መርዶ ለብቻ አይነገርም። ለሌሎቹ ልጆች ወላጆች ነገርኳቸው፤ ሊነጋጋ ሲል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከመምህሩ ጋር ቤቴ መጡ። ለቀብሩ ስሄድ ልጄን ያቆየችልኝ ጎረቤቴም መጣች። ጎደሬ ሻጯ ከመንደሯ ወርዳ ከተማ ነበር ያደረችው። መርዶ ሲነገር መብራት የሚያበራ ሰው አላየሁም። እኛ ግን አበራን፤ በጨለማ እጅ አይታይም።

መምህሩ ፊቷ ተንበርክኮ በእጁ ነገራት። እጁን አየች። እኔን አየች። አላለቀሰችም። እጆቿን አነሳች።

«መቼ ነው የሞተው ትላለች» አለን መምህሩ። መለሰላት። እሷም በጣቷ ቤቱ ውስጥ ያለነውን አንድ በአንድ ጠቆመችን።

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር? ነው የምትለው» አለ መምህሩ።

 ከዚያ ሌሎቹን ትታ እኔን እያየች ጠበቀች። ለዚህኛው መልስ ቋንቋ አላስፈለገኝም። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።