ወዳጆ የአባቱን ጦርነት ሊቀርጽ ሲነሳ

ወዳጆ ዘመሮ በሚባል መንደር ውስጥ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ሸማኔ ነው። ባናው ረጅም ነው፤ ወሬው ግን ከባናው ይረዝማል። አርባ ዓመት ሙሉ፣ መወርወሪያውን ቀኝና ግራ እየላከ፣ አባቱ በጣሊያን ጊዜ ከመንደሩ በላይ ካለው አፋፍ ብቻቸውን መትረየስ እንደ ማረኩ ነግሮናል።

በ1995 ዓ.ም. ለፋሲካ የእህቱ ልጅ ስንታየሁ ከመሐል ሜዳ መጣ፤ ሠርግ የሚቀርጽበትን ካሜራም ይዞ ነበር። ወዳጆ ካሜራውን ሲያይ፣ «የአባቴን ውጊያ እንቅረጸው» አለ። ነገር ግን ከቁልፍ እስከ ጫማ ልክ እንደ ነበረው መሆን አለበት አለ። የመንደሩ ልብስ ሰፊ ነኝና የጣሊያኑን ኮት የሰፋሁት እኔ ነኝ። አራት ቁልፍ ባደርግበት፣ አምስት ነው ብሎ አስፈታኝ። ውጊያው የተደረገው በግ ከተሸለተ በኋላ ነው ብሎም፣ ያልተሸለተ የሰው በግ ከሜዳው ሲያባርር ዋለ።

ተዋናይ የመረጠው ደግሞ በዘር ነው። «የእያንዳንዱን አርበኛ ቦታ የገዛ ዘሩ ይያዝ» አለ። እኛ አገር ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠራል፤ ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሠላሳ አንድ ሰው ሰባት ቤት እየቆጠረ መጣ። ሁሉም የመትረየስ ማራኪ ዘር ነኝ ባይ ነው። ባለ ወፍጮው አወቀ በእናቱ በኩል ገባ።

«ወዳጆ አፈሙዙን ይውሰድ። የመትረየሱ እግር ግን የአያቴ ነው!»

«መትረየስ ደግሞ እንደ መሬት ይከፈላል እንዴ?» አለ ወዳጆ።

«በዘር ይያዝ ያልከው ማነው?»

ሊደባደቡ ሲሉ፣ እትዬ ጌታነሽ ይጠየቁ ተባለ። የወዳጆ አክስት ናቸው፤ በዘጠኝ ዓመታቸው ካብ ሥር ተሸሽገው ውጊያውን አይተዋል። እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። ወዳጆ እያለ ማን ሌላ ሰው ይጠይቃል?

«አክስቴ፣ መትረየሱን የማረከው ማነው?»

«ከጊሼ የመጡ ሦስት ወንድማማቾች። እነሱ ቆሙ፤ እዚያው ሞቱ» አሉ፣ ጠጉር እየፈተሉ።

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹማ ሮጡ።»

«የማን አባት ነው የሮጠው?» አለ አወቀ፣ ደስ ብሎት።

እትዬ ጌታነሽ እንዝርታቸውን አቆሙ። «የቆሙት ሳይወልዱ ሞቱ፣ ልጄ። እዚህ የተኮለኮላችሁት ታዲያ የማን ልጆች ናችሁ?»

አወቀ ወፍጮው ትዝ አለው መሰል፣ ቀስ ብሎ ሄደ።

«የኔስ አባት?» አለ ወዳጆ።

«አባትህማ ከሁሉ ቀደመ! እግር ነበረው፤ ማንም አልደረሰበትም።»

ስንታየሁ አዘነለት። «ጋሼ፣ አንተ እንደምታወራው እንቅረጸው። ማን ያውቃል?»

ወዳጆ ሦስት ቀን አልሸመነም። እውነቱን ቢቀርጽ የአርባ ዓመት ወሬው ይቀበራል፤ ውሸቱን ቢቀርጽ እኔ ልክ እንደ ነበረው ብሎ ያሰፋኝን አምስተኛ ቁልፍ በከንቱ ሰፋሁ ማለት ነው። ሐሙስ ጠዋት ደጄ ቆመ።

«ይህን በርኖስ አሳጥሪልኝ። ለሩጫ ይጠልፋል።»

ቅዳሜ አፋፉ ላይ ወጣን። የሦስቱ ወንድማማቾች ቦታ ወራሽ ስላልነበረው ማንም አልቆመበትም፤ ስንታየሁ ባዶውን አፋፍና ነፋሱን ቀረጸ። ከዚያ ወዳጆ በስድሳ ዓመቱ ቁልቁል ወደ ገደሉ ሮጠ። ከኋላው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ከሠላሳ አንዱ ሃያ ስምንቱ ተከተሉት። አወቀም መጥቶ ነበር።

እትዬ ጌታነሽ ከካቡ ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር።

«ምነው ተንቀረፈፍህ!» ብለው ጮኹ። «አባትህ እንዲህ ሮጦ ቢሆን ኖሮ አንተ ትወለድ ነበር?»

ስንታየሁ «ይደገም» አለ። ወዳጆ በርኖሱን ሰብስቦ፣ እያለከለከ፣ ዳገቱን ወጣ።