አራት ልጆች፣ አራት ቅኝት

በእኔ ዘመን አድጎ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ያላሰጣ፣ አልሆን ሲለውም በጥርሱ ነክሶ ያልሞከረ ካለ እጁን ያውጣ። ቡታጅራ የነበረው ቤታችን ግቢው ሙሉ በርበሬ ይሰጣበት ነበር፤ እናቴ የበርበሬ ነጋዴ ነበረች። እኔ ደግሞ ከበርበሬው ጎን አራት ድንጋዮቼን ደርድሬ፣ እያስነጠሰኝ፣ እስኪሞቁ እጠብቃለሁ። አዲስ ድንጋይ ለመግዛት እናቴ እሺ ብላ አታውቅም።

ቴፑን ያመጣው መርካቶ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ነው። ለመስቀል እንደ ማንኛውም የጉራጌ ልጅ እጁን ሞልቶ ሲገባ ለእናቴ ነጠላ፣ ለቤቱ ቴፕ፣ ለራሱ ደግሞ ክራር ይዞ መጣ። ክራር ሊማር ነበር ሐሳቡ። በዓሉ አልፎ ሲመለስ ግን ክራሩም፣ ቴፑም፣ የሰርግ ዘፈን በክራር የተቀዳባት አንዲት ካሴትም ለእኔ ቀሩ። አስተማሪ የለኝም። ካሴቷን እከፍታለሁ፣ የክራሩን ጅማት ከእሷ ድምፅ ጋር እስኪገጥም አላላለሁ፣ አጠብቃለሁ፣ ከዚያ ጣቴ የት እንደሚያርፍ እፈልጋለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ፤ በልቤም ክራር ደርዳሪ ሆኛለሁ።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ የዞኑ ትምህርት ቤቶች ወልቂጤ ላይ በሙዚቃ ሊወዳደሩ ነው ተባለ። ያኔ ዞን የሚለው ቃል ራሱ አፋችን ላይ አዲስ ነበር። የእጅ ሥራ አስተማሪያችን ጋሽ ሽፈራው ባለ ክር መሣሪያ የሚችል ሁሉ እንዲመጣ አስነገሩ። እሳቸው በቀድሞው ሠራዊት የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ጊታር ተጫዋች ነበሩ፤ ሠራዊቱ ሲበተን ጊታሩ እዚያው ቀርቶ ጣታቸውን ብቻ ይዘው መጡ። አራት ልጆች ቀረብን። ጋሽ ሽፈራው ግን ተጫወቱ ከማለታቸው በፊት ማን እንዳስተማረን ጠየቁን። ጣት ብቻውን አይመጣም፣ ከኋላው ሰው አለ ይሉ ነበር።

መጀመሪያ መስፍን ከጆንያ ውስጥ ማሲንቆ አወጣ። አያቱ አዝማሪ ነበሩ፤ የሰፈር ልጅ እንዳያሾፍበት ማሲንቆዋን እንደ እህል በጆንያ ነው የሚያዞራት። እኔ ማሲንቆን በሬዲዮ እንጂ በአንድ ክንድ ርቀት ሰምቼ አላውቅም። ገና ሲስበው ሰው የዘፈነ መስሎኝ አፉን አየሁ፤ አፉ ግጥም ብሏል። ቀጥላ ወለላ መጣች። አያቷ በሁዳዴ በገና ይደረድራሉ፤ ጣቷን የገራችው እሳቸው እግር ሥር ቁጭ ብላ ነው። በገና ለጸሎት እንጂ ለዘፈን ስለማይነካ ጋሽ ሽፈራው ራሳቸው የሠሩትን ትልቁን ክራር ሰጧት። ወፍራሙን ክር አንዴ ስትነካው ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ።

ሦስተኛው ከድር ነው፣ የእንሴኖው ጨርቅ ነጋዴ ልጅ። ከድር ወላሂ ሳይል ውሃ አይጠጣም፤ ዝናብ መጣ ለማለት እንኳ ይምላል። «ወላሂ ማንም አላስተማረኝም» አለ። «እኛ ቤት መንዙማ ነው ያለው። ጭብጨባና ድቤ።» ክራሩን የሠራው ከዘይት ቆርቆሮና ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነው። ሲመታው ግን አንዲት ምት አትዛነፍም፤ የዚያ ሁሉ ሌሊት ጭብጨባ እጁ ውስጥ ገብቷል። ያን ቀን እነሱን እያየሁ አፌ እንደተከፈተ ቀረ። እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ጎን ለጎን እየተቀመጥን ስንማር፣ ይህን ሁሉ የት ደብቀውት ነበር?

ተራዬ ደረሰና ያስተማረኝ ቴፕ ነው ብዬ የሰርግ ዘፈኔን ተጫወትኩ። ስጨርስ ከድር፣ «እህቴ፣ ወላሂ ይሄ ሙሽራ ሞቷል!» አለ። በሳቅ ሞቱ። ጋሽ ሽፈራው ብቻ አልሳቁም፤ ቴፑን በማግስቱ እንዳመጣ አዘዙኝ።

ሳመጣው ከኪሳቸው አዲስ ድንጋይ አውጥተው ከተቱበት። ዘፈኑ ተፈትልኮ ወጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ነው ብዬ የማውቀው ዘፋኝ ጎረምሳ ሆኖ ቁጭ! የደከመ ድንጋይ ካሴት እንደሚያጓትት፣ ድምፁንም እንደሚያወፍር ማን ነግሮኝ? ክራሬን የቃኘሁት በሞተ ባትሪ ነበር። እዚያው ላጠብቀው ስሞክር አንዱ ጅማት ተበጥሶ እጄን ገረፈኝ፤ ጣቴም ያን ፍጥነት አያውቀውም። ውድድሩ ስምንት ቀን ቀርቶታል።

«ልጄ፣ ለዘንድሮ ሦስቱ ይበቁናል» አሉኝ ጋሽ ሽፈራው፣ ቀስ ብለው። ማልቀስ ጀመርኩ። ወልቂጤን ስለማላይ አልነበረም። ከዚያች ክፍል መውጣት ማለት እነዚያን ሦስት ድምፆች ከውስጥ አለመስማት ነበር።

«ጋሼ» አለ ከድር፣ «የኔም ሽቦ እስከዚያ አይወጠርም፣ ይበጠሳል። ለምን እሷ ያለችበት አንወርድም?»

ወለላ ድሮም ታች ነኝ አለች። መስፍን የማሲንቆውን መቃኛ ጠምዝዞ አላላ። በተበጠሰው ጅማት ፋንታ ሌላ ተተክቶልኝ፣ አራታችንም ያንኑ የሰርግ ዘፈን በእኔ ዝግታ ጀመርን። ምን ልበላችሁ! ያ ዘፈን ሰርግነቱን ሳይለቅ ልጇን የምትድር እናት ሆነ። የትኛው የማን ክር እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ፀጉሬ ቆመ፤ ፈራሁም። ጋሽ ሽፈራው ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ ረጅም ጊዜም አልተመለሱም።

በአይሱዙ ጭነት ላይ አቧራ ለብሰን ወልቂጤ ገባን። ተራችንን ስንጠብቅ ከድር ከጉንችሬ ለመጡት ተወዳዳሪ ልጆች ጉራውን ይነዛል፤ ያቺን የቆርቆሮ ክራር እንደ ወፍ እስክትጮህ ወጥሮ ይጫወታል። ሽቦው ምንም አልሆነ።

«ይበጠሳል አላልክም እንዴ?» አልኩት።

«ብያለሁ» አለ። ክራሩን እያላላ ሳቀ። «ግን ወላሂ ብያለሁ?»

ወዲያው ተጠራን። ስንጫወት ዳኞቹ መጻፍ አቆሙ። ሦስተኛ ወጣን፤ ሽልማታችን ደብተር ነበር።

መስፍንና ወለላ የት እንደደረሱ አላውቅም፤ ከድር የአባቱን ሱቅ ይዟል ሲሉ ሰምቻለሁ። ዛሬ ልጄ ክራሯን የምትቃኘው በስልኳ ነው፤ አረንጓዴ ከበራ ልክ ነው፣ ካልበራ እሷ ናት የምታጠብቀው። ጥሩ ነው፣ ስህተት የለበትም። እኔም ካደግሁ ወዲህ በሥራም በትዳርም በገባሁበት ሁሉ የኖርኩት እንዲሁ ነው፤ ልበጠስ እስክደርስ ወደ ሌላው ድምፅ የተወጠርኩት ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ለእኔ ብሎ ወደ ታች የወረደ ሰው ከእነዚያ ሦስት ልጆች በኋላ አልገጠመኝም።