ባርኔጣዬን ዝንጀሮ ወሰደው ተባልኩ

የፓርኩ ማረፊያ የሰጠኝ ሳሙና ጥፍሬን አያክልም። ቅሬታዬ ይኸው ብቻ ነው።

እሺ፣ ባርኔጣዬም ጠፍቷል።

ትናንት ጠዋት መስኮት ላይ ትቼው ፊቴን ስታጠብ ብን አለ። የማረፊያው ጥበቃ፣ «ጋሼ፣ ዝንጀሮ ወሰደው» አለኝ።

ይህን ፒያሳ ላደግሁ ለእኔ! ስገባ «ጋሼ፣ ባርኔጣዎ ሲያምር!» ያለኝ ዝንጀሮው ነበር እንዴ?

ለኃላፊው ከሰስኩት። «ካልተገኘ ትባረራለህ» አለው። እኔም «ካገኘኸው ጊዮርጊስ ጋ መጥተህ ስሜን ጥራ፤ ቤቴን የማያሳይህ የለም» ብዬ አላግጬበት ዛሬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እናንተስ ፓርክ ሄዳችሁ ዝንጀሮ ምን «ወሰደባችሁ»? ጻፉልኝ።

ቆዩ፣ በር ተንኳኳ።

ጥበቃው ነው! ባርኔጣዬን ይዟል፤ ጠርዙ በጥርስ ተግጧል፣ የሰውየውም እጅ ተቧጭሯል።

«ጋሼ፣ አሁን ለኃላፊው ይደውሉልኛል?»