ከኮከብ የተመለሰው ሰውዬ

ትናንት የልጅ ልጄ ኦቾሎኒ እቆላለሁ ብሎ አሳረረው። ቤቱ በጭስ ታፈነ። እሱ መስኮት ለመክፈት ሲሯሯጥ እኔ ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ ሐረር ገባሁ፤ ፈረስ መጋላ አደባባይ አጠገብ በነበረው ሲኒማ ቤት፣ ከኋላ ባለው የቤተሰብ አግዳሚ ላይ፣ በእህቴና በባሏ መካከል። የሲኒማ ቤቱ ወለል ሁልጊዜ በኦቾሎኒ ልጣጭ የተሸፈነ ነበር። ሰው ሲገባና ሲወጣ ከእግሩ ሥር ኮሽ ኮሽ ይላል፤ ሽታው ከሲጋራ ጭስና ከእሑድ ልብስ ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮ ይይዛል። ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣብኝ መጀመሪያ ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ይባባል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የእህቴ ባል የጦር ሠራዊት ሾፌር ነበር። በሐረርና በጅጅጋ መካከል ከባድ መኪና ይነዳል፤ ሲመለስ ባቢሌ ላይ ቆሞ ኦቾሎኒ በኬሻ ያመጣልናል። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሲራመድ ከፊት የሚቀድመን ሰው ነበር። እናታችን ከሞተች ወዲህ እኔ የምኖረው ከእነሱ ጋር፣ ሐኪም ጋራ ግርጌ ነበርና እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲኒማ ሲሄዱ እኔንም ያስከትሉኛል። የእህቴ ባል ለቅዳሴ ሁልጊዜ ያረፍዳል፤ ለፊልም ግን አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም። እህቴ በዚህ ነገር ስታበሽቀው አይሰለቻትም።

በዚያን ጊዜ ፊልም ብቻውን አይታይም ነበር። ከሸራው ሥር አስተርጓሚ ይቆማል። የእኛው አስተርጓሚ በሥራ ቀን መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ጣሊያንኛ የለመዱት አንድ ጣሊያን ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀጥረው ሲሠሩ ነው። ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ እንደ ጡሩምባ አድርገው ፈረንጆቹ የሚሉትን በአማርኛ ይነግሩናል። የሰሙትን ብቻ ቢነግሩን ደግ ነበር፤ ያልሰሙትንም ከራሳቸው ይጨምራሉ። ፈረንጅዋ ስታለቅስ «ያ ረቢ፣ ምን ጉድ መጣብኝ» ያሰኟታል። ይህ ማንንም ቅር አላሰኘም። እንዲያውም እሳቸው ታመው የቀሩ ቀን ግማሹ ሰው ከበር ይመለስ ነበር።

ከእህቴ ባል ጋር ያየነው የመጨረሻው ፊልም ወደ ኮከብ ስለሄደ ሰውዬ ነበር። ሰውዬው ሚስቱን ባሕር ዳር ባለ ቤት ትቶ፣ የብረት እንቁላል የመሰለ መርከብ ውስጥ ይገባና ወደ ሰማይ ይተኮሳል። ከድሬ ጠያራ ገጠር መጥተው፣ ጫታቸውን ሸጠው የገቡ ገበሬዎች «አስተግፊሩላህ» እያሉ ይስቃሉ፤ ከፊታችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ያማትባሉ። በመጨረሻ መርከቡ ኮከቡ ላይ ሲያርፍ መብራቱ ድርግም ይላል። ሚስትየዋ መስኮት ላይ ቆማ ወደ ላይ ታያለች፤ አለቀ። የአዳራሹ መብራት በራ፣ ሰው ግን አልወጣ አለ። ሰውዬው የት ደረሰ እያለ አስተርጓሚውን አፋጠጣቸው። እሳቸውም ጨነቃቸውና «ሁለተኛ ክፍል አለው። ኢንሻአላህ እዚያ ላይ ይመለሳል» ብለው ገላገሉን።

ወደ ቤት ስንሄድ የእህቴ ባል፣ አንቺስ እንደዚያች ሴት መስኮት ላይ ቆመሽ ትጠብቂኛለሽ ወይ እያለ ሲያሾፍባት ትዝ ይለኛል። እሷም ኮከብ የሚሄድ ሰው እንጂ ጅጅጋ የሚሄድ በመስኮት አይጠበቅም አለችው። ተሳሳቁ።

ብዙም ሳይቆይ በጠረፉ ላይ ውጊያ ተነሳ። እሱም ጥይትና ስንቅ ጭኖ ከሌሎች መኪኖች ጋር ወረደ። የተመለሱት ሰዎች መንገድ ላይ እንደተከበቡ፣ ከኋላ የነበሩት መኪኖች እንደተቃጠሉ ተናገሩ። እሱ ሞቷል ያለ የለም። ተርፏል ያለም የለም። የጦር ክፍሉ ዘንድ በሄድን ቁጥር ጠብቁ ይሉናል።

በእኛ አገር አስከሬኑ ላልተገኘ ሰው ለቅሶው የሚቀመጠው በልብሱ ነው። ልብሱ ይዘረጋል፣ ፎቶግራፉ በላዩ ይቆማል፣ ሰውም እሱን እያየ ያለቅሳል። ልብሱ ካልወጣ ግን ለቅሶ የለም። የባሏ ሙሉ ልብስ ደግሞ እህቴ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው፤ እህቴ ሣጥኑን ቆልፋ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው። አማቷ ሸዋ በር ነበር የሚኖሩት። ከዚያ ድረስ በእግራቸው እየመጡ ደጃችን ላይ ይቀመጣሉ።

«ልብሱን ስጪኝና ልጄን ላልቅሰው» ይሏታል።

«እማማ፣ የሚመለስ ሰው ልብስ አይዘረጋም» ትላቸዋለች።

ውሃ ትሰጣቸዋለች፣ እግራቸውን ታጥባለች፣ ቁልፉን ግን አትሰጥም። እሳቸውም ጠጥተው፣ መርቀዋት፣ አንጀታቸው እያረረ ይሄዳሉ። ዘመዱ ሁሉ እህቴን ጨካኝ አላት። ልጅ ሆኜ ለማን እንደማዝን አላውቅም ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አላውቅም።

በዚህ ሁኔታ ሁለት ክረምት አለፈ። ከዚያ አንድ ቀን ሸዋ በር ገበያ መግቢያ ላይ የብረቱ እንቁላል ሥዕል ተለጥፎ አየሁ። ሁለተኛው ክፍል መጥቷል። ለእህቴ ባልነግራት ኖሮ እያልኩ ብዙ አስቤያለሁ፤ ግን ከተማው በሙሉ ሲያወራው ከማን ይደበቃል። ባሏ ከሄደ ጀምሮ ሲኒማ ቤት ረግጣ የማታውቅ ሴት በዚያ እሑድ ጠዋት ጸጉሯን ተሠራች፣ የሠርጓን ነጠላ አወጣች። ምን እንደምትጠብቅ አልነገረችኝም። እኔ ግን ገብቶኝ ነበርና ፈራሁ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። መርከቡ ባሕር ላይ ወደቀ፤ በሩ ተከፈተ፤ ሰውዬው ወጣ። ሌላ ሰው ነው። የፊተኛው ረጅም ነበር፣ ይኸኛው አጭር፣ ያውም ባለ ጺም። ዛሬ የልጅ ልጄ ተዋናይ ሲቀየር ስልኩን ሳያስቀምጥ «ቀየሩት» ብሎ ያልፈዋል። እኛ ግን ሰው ይቀየራል የሚባል ነገር ከየት እናውቃለን? አንዱ ከፊት ሆኖ ይሄ ደግሞ ማነው አለ። አስተርጓሚው እሱ ነው፣ ተመልሶ መጣ ቢሉ ማን ሊሰማቸው። እኛን ሕፃን አደረጉን እንዴ ተባለ። ከፊት የተቀመጡ ወታደሮች ያፏጫሉ፤ ኦቾሎኒው ከነልጣጩ ሸራው ላይ ይዘንባል። ሰውዬው በባሕሩ ዳር ወደ ቤቱ መራመድ ሲጀምር አዳራሹ በአንድ ድምፅ ለሴትዮዋ «አትክፈቺለት!» ብሎ ጮኸ።

አስተርጓሚው ላባቸውን ጠረጉና እጅ ሰጡ። ልክ ናችሁ፣ ይሄ እሱ አይደለም፤ እውነተኛውን እዚያው አስቀርተው በስሙ የላኩት ነው አሉ። የደስታ ፊልም ነበር፤ እኛ ግን እየተንቀጠቀጥን አየነው። ሴትዮዋ በሩን ከፍታ ስታቅፈው ሰው ወየው ብሎ አቃሰተ። እራት ሲበሉ፣ እሷም ስትስቅ፣ ከጎኔ ያለችው ሴትዮ ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች።

እህቴ ብድግ አለች። ሴት በአዳራሹ መካከል ቆማ ስትናገር ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

«እሱ ነው» አለች። «ፊቱ ቢለወጥስ? እዚያ የከረመ ሰው ፊቱ አይለወጥም?»

አንዱ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ በለሆሳስ ተቀመጪ ልጄ አሏት። ተቀመጠች። እጇን ያዝኩት።

በማግስቱ ይዛኝ መኪና ግርግር ሄደች። ከግራና ከቀኝ የስፌት መኪናው ይንጫጫል፣ ሰው የሚደማመጠው ተጠጋግቶ ነው። አስተርጓሚው ከመኪናቸው ጀርባ ተቀምጠው ኮት ይሰፋሉ። እህቴ ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ እውነቱን እንዲነግሯት ለመነቻቸው፤ ሰውዬው እሱ ነው ወይስ አይደለም። ፊቷን አይተው እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ።

«ልጄ፣ ወላሂ አልዋሽሽም» አሏት። «የፊተኛው ሰውዬ ሞቷል። ፊልሙን ያመጣው ግሪክ ነው የነገረኝ። ሁለተኛውን ሳይጀምሩ ሞተባቸው፤ ሥራው እንዳይቀር ሌላ ሰው በቦታው አስገቡ።»

«ሚስትየዋስ?»

«እሷ ያችው ናት።»

«እሱ አለመሆኑን ታውቃለች?»

«እንዴት አታውቅም? እያወቀች ነው የከፈተችለት።»

እህቴ አመስግናቸው ወጣች። ቤት ስንደርስ ቁልፉን ከአንገቷ ፈታች፤ ሙሉ ልብሱን አውጥታ ተኮሰችው፤ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሸዋ በር ድረስ ተሸክማ ሄደች። አማቷ በር ላይ ተቀበሏት። ልብሱን አቅፈው አሸተቱትና «እግዜር ይስጥሽ» አሏት። ለዚያ ነገር ምስጋና ሲቀርብ መስማት እንደ ቢላ ይወጋል። ከሰዓት በኋላ ድንኳን ተተከለ፤ የእህቴን ለቅሶ ያን ቀን ሰማሁት።

ጥቁሯን ካወለቀች ከጊዜ በኋላ ሽማግሌ ተላከባትና አገባች። ሰውዬው ሆስፒታል ውስጥ ቁስል የሚጠርግ ድሬሰር ነበር፤ ዝምተኛ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው። የፊተኛው ባሏ ፎቶግራፍ ከግድግዳው እንዳይወርድ ያለው እሱ ነው። ልጆች ወለዱ፣ አሳደጉ፣ አብረው አረጁ። ትወደው እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኳትም፤ እሷም ያንን የመሰለ ነገር አታወራም። ሥራ ውሎ ሲመጣ በሩን የምትከፍትለት ግን ሁልጊዜ ራሷ ነበረች።

አምና ታመመች። ሰው መለየት አቆመች፤ ልጆቿንም፣ እኔንም። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ፀሐዩ አልጋዋ ድረስ ገብቶ፣ እኔ እግሯን ሳሽ፣ ባሏ ሾርባ በማንኪያ ሲሰጣት፣ ድንገት ዓይኗን ገልጣ የፊተኛውን ባሏን ስም ጠራች። ስሙን ከአፏ ከሰማሁት ዕድሜ ልክ ሆኖኝ ነበር። ደነገጥኩ፤ ሽማግሌውን ባሏን ለማየት አፈርኩ። እሱ ማንኪያውን አስቀመጠና ተጠጋት።

«አቤት» አላት።

«መጣህ?»

«መጣሁ።»

«ምነው እንዲህ ዘገየህ?»

«መንገዱ ነው» አላት።

ፊቱን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ሽበት የሆነውን ጺሙን። ከዚያ በኋላ በቀሯት ቀኖች ሁሉ በዚያ ስም ጠራችው፤ እሱም በጠራችው ቁጥር አቤት አላት።